አባ ፊጣ ልጃቸውን በጆሯቸው የሰሙበት ዓርብ

የዚያን ቀን ጅማ አጠገብ ሰቃ፣ አባ ፊጣ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን። የቤቱ አባወራ አባ ፊጣ፣ ጆሯቸው የከዳቸው የቡና ገበሬ። ባለቤታቸው አዴ ከድጃ፣ ጓዳው በር ላይ ቆመው። የአባ ፊጣ ታናሽ ወንድም ጀማል፣ ስልኩን ይዞ። ኒካ ሊያስሩ የመጡት ሼክ። የሙሽራው አጎት አቶ ነስሩና አብረዋቸው የመጡ ሽማግሌዎች። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ፣ ስማቸውን ያልያዝኩት ጎረቤቶች። ከጅማ የሄድነው የሱቁ ጌታ ጋሽ ይልማና ሠራተኛቸው እኔ፣ ጥሩነሽ። ሃያትም ነበረች። የአባ ፊጣ ልጅ ናት፤ ያኔ ጅዳ ነው የምትሠራው። ግን ሁላችንም እዚያ የተሰበሰብነው ለእሷ ድምፅ ስለሆነ እሷን ሳልቆጥር ብቀር ቆጠራው ጎደሎ ይሆንብኛል።

ይህን የምጽፈው ከሥራ ስለወጣሁ ነው። ዓይኔ ትንንሾቹን ብሎኖች መለየት እምቢ ሲለኝ ልጄ ሰላም «እማ፣ በቃሽ» አለችኝ። በቃኝ። ነገር ግን ስጋት የለመደ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚሰጋበት ነገር ፍለጋ ቤት ውስጥ ይዞራል። በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ እነካዋለሁ፤ ምድጃውን አጥፍቼ እጄን አስጠግቼ አየዋለሁ። ሰላም ይህን አይታ «ከምትዞሪ ጻፊው» ብላ ደብተር ገዛችልኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የእጅ ጽሑፌን ግን የሚያማ የለም።

ባሌ የድሮው ጦር ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነና ታሞ ቤት ገባ፤ ብዙም አልቆየልኝም። ሰላም ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ቦሳ አዲስ ሰፈር ጎረቤቴ የነበረች ሴት፣ በጅማው መርካቶ ሬድዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ጠራጊ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ሄድኩ። ጋሽ ይልማ ከላይ እስከ ታች ሳይሆን እጄን ብቻ አዩ።

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም?»

«ስፈራ ይንቀጠቀጣል።»

«እዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም። ኤሌክትሪኩን ብቻ ፍሪው።»

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ልጄን አዝዬ መምጣት ግን አልከለከሉኝም። መጀመሪያ ወለል ጠረግሁ፣ ባትሪ ድንጋይ ሸጥሁ። ቀጥሎ የቴፕ ጭንቅላት በጥጥና በስፒርቶ ማጽዳት አስተማሩኝ። ጭንቅላት የሚሉት የካሴቱ ክር እየታከከው የሚያልፈውን ትንሹን ብረት ነው። አቧራ ከያዘው ድምፁ ይታፈናል፤ ጥጡን ጠንክረሽ ከጫንሽው ደግሞ ይቧጨራል። «የሕፃን ዓይን እንደምትጠርጊ አድርጊው» አሉኝ። ሕፃን ጀርባዬ ላይ ነበረችና ገባኝ። ከዚያ ቺንጋ፣ ቴፑን የሚያዞረውን ጎማ፣ መቀየር ተማርኩ፤ ከዚያ የብየዳ ካውያ ያዝኩ።

ጋሽ ይልማ የማይለቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። የሰው ዕቃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ብሎን በፈቱ ቁጥር ከእንቁላል መያዣ ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሲመልሱም ከመጨረሻው ጉድጓድ ጀምረው ነው። ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ከሁሉ አስቀድመው «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጮኸ፣ ተንሾካሾከ፣ አጓራ፣ ዝም አለ፤ ሰውየው የሚመልሰው የብልሽቱን መንገድ ያሳያቸዋል። አንድ ጊዜ የጅሬን ሰው ስንጥቅጥቅ ያለ ሬድዮ ይዞ መጣ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ዜና ነው ያለው።»

«ከዜናው በኋላስ?»

«ከዜናው በኋላማ ሚስቴ ወረወረችው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ከዓረብ አገር የሰው ድምፅ በካሴት ይመጣ ነበር። ቴፑ ከተሠራ በኋላ ባለቤቱ የራሱን ካሴት አስገብቶ ሲሞክር፣ ዘፈን ከሆነ ጋሽ ይልማ አብረው ያዳምጣሉ። የሰው ድምፅ፣ «እናቴ እንደምን አለሽ» የሚል ከሆነ ግን ተነስተው ደጅ ይወጣሉ። «የሰው ቤት ነው» ይሉኛል፤ «ሳይጠሩሽ አትግቢ።» እኔ ግን እናት ነኝና ሁልጊዜ አልወጣም ነበር፤ ልጅቷ ደህና መሆኗን ሰምቼ ነው የምወጣው።

በቡና ለቀማ ወቅት ገበሬው እጅ ሲፈታለት ጠረጴዛችንን ጭነን አጋሮ፣ አንዳንዴም ሊሙ እንወርዳለን። ገበያ ዳር ሸራ ወጥረን እንጠግናለን። በረሮ ሬድዮ ውስጥ ያለውን ሙቀት ይወዳል፤ ክዳኑን ስከፍት ይበተንና እኔ ጮኼ እነሳለሁ፣ ገበያተኛው ይስቅብኛል። ሰላምን ለጎረቤት ትቼ የምሄድባቸው እነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም።

እንዲህ ስንል ሞባይል መጣ። ካሴት ሞተ፣ ሬድዮ ስልክ ውስጥ ገባ። ሱቃችን ደረጃ ላይ ጎረምሶች ተደርድረው ተቀምጠው ዘፈን በብሉቱዝ መላላክ ጀመሩ።

«ብሉቱዝህን ክፈት!»

«ከፍቻለሁ። ምን የሚል ይታይሃል?»

«‹አትንካኝ› የሚል አለ።»

«እሱ ነው፣ የኔ ነው።»

«ታዲያ አትንካኝ ብለህ ምን ልላክልህ?»

ጋሽ ይልማ ከካውያቸው ቀና ብለው ይመለከቷቸዋል። ሽቦ የሌለው ነገር አይዋጥላቸውም ነበር። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሽቦ ሲከተሉ ነው፤ ድምፅ ከዚህ ይነሳል፣ በዚህ ያልፋል፣ በዚያ ይወጣል። ሽቦ ደግሞ የገባበትን ሁሉ ያሳልፋል፤ ዜናም ይሁን መንዙማ፣ የሰው ወሬም ይሁን ጩኸት አይመርጥም። እንዲህ የሚያምን ሰው ብሉቱዝ ስፒከር መሸጥ ሲጀምር ምን ሊሳሳት እንደሚችል ያኔ ማናችንም አላወቅንም።

አንድ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ አባ ፊጣና ጀማል ከሰቃ መጡ። አባ ፊጣ ጆሮ እንደከዳው ሰው ሁሉ የሚያወሩት እየጮኹ ነበርና መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ልጄ ጅዳ ናት! ዓርብ ዓርብ ትደውላለች! እነሱ ይሰማሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ! እኔ የእነሱን ፊት አያለሁ!»

«ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያደርጉትስ?» አሉ ጋሽ ይልማ፣ እሳቸውም እየጮኹ።

«ዝናብ ነው የምሰማው! ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ!»

ጀማል ነገሩን አስረዳን። ሃያትን እዚያው ጅዳ በሹፌርነት የሚሠራ የሰቃ ልጅ ጠይቋታል። ወኪል ሆነው የመጡት አጎቱ አቶ ነስሩ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጀማልም ቡናውን የሚያስረክበው ለእሳቸው ነው። ኒካው ሰቃ ሊታሰር ሁሉም ተስማምቷል፤ ከአባ ፊጣ በቀር።

«ወንድሜ ‹እሺ ማለቷን በገዛ ጆሮዬ ካልሰማሁ አልድርም› ብሏል» አለ ጀማል። «እኔ እየሰማሁ ብነግረው አይሆንም ይላል።»

ጋሽ ይልማ ዳቦ የሚያክል ስፒከር አውጥተው ከጀማል ስልክ ጋር አስተዋወቁት። ጀማል ስልኩ ላይ የነበረ መንዙማ ከፈተ። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። አባ ፊጣ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ፊታቸው ሁሉ ፈካ።

«ይሄን ሰማሁ! ቃሉን ሳይቀር ሰማሁ!»

«ይሄን ከሰሙ ልጅዎንም ይሰማሉ» አሉ ጋሽ ይልማ። «ድምፅ ድምፅ ነው።»

ደውለን እንድንሞክረው ጠየቅሁ። ነገር ግን የገበያ ቀን ነበር፤ ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ሰዎቹም መኪናቸው ሊያመልጣቸው ነው። በካርቶኑ አድርጌ፣ በክር አስሬ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ጀማል ስፒከሩን በፌስታል አንጠልጥሎ ብቻውን ተመለሰ። ሰላምታም አልሰጠን። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «አዋረዳችሁን» አለ።

ጋሽ ይልማ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ጀማል ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ከጅዳ ሲደወል የጥሪው ደወል በስፒከሩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ። ጀማል ስልኩን አነሳ። ስፒከሩ ጸጥ አለ። የሃያት ድምፅ ስልኩ ውስጥ፣ እዚያችው ትንሽ ቀዳዳ ጋ ቀረ። ቢነካኩት፣ ቢያጠፉት፣ ቢያበሩት ወይ ፍንክች። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ስለሆነ ጀማል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሼኩ የሚጠይቁትን ለእሷ አደረሰ፤ ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞሮ «እሺ ብላለች» አለ።

«ወንድሜ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ አንተን ነው የሰማሁት› አለኝ። ተነስቶ ወጣ። በሽማግሌ ፊት! አቶ ነስሩ እስከ መጪው ዓርብ ካልሆነ ነገሩ ፈርሷል ብለው ሄዱ።»

ጋሽ ይልማ ስፒከሩን አገላብጠው እያዩ ነበር። ቀና ሳይሉ ደገሙ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ ነው ያልኩህ።»

«ነገርኩዎት እኮ፣ ስፒከሩ ዝም አለ።»

«እሱን ሰማሁ።»

ጀማል አንገቱን ደፋ። «እሷም ዝም ነው ያለችው» አለ ቀስ ብሎ። «ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች አፍራ ነው፤ እሺ ማለቷ ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔ... ያንን ነው እሺ ብላለች ያልኩት።»

 ጋሽ ይልማ ገንዘቡን ሊመልሱለት ሲሉ አልወስድም አለ። «የሚያሰማውን ነገር ስጡኝ እንጂ ገንዘቡን ምን አደርገዋለሁ። አሁን ወንድሜ ቤት የምገባበት ፊት የለኝም።»

በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራንም ማለት ይቻላል። ጋሽ ይልማ መጀመሪያ ስፒከሩን ፈቱት። ምንም አልተበላሸም። ገጥመው መንዙማ ሲከፍቱበት ይጮኻል፤ ሲደወል ደወሉን ያሰማል፤ ስልኩ ሲነሳ ዝም። ፊታቸው ጠቁሮ አየሁ። የተበላሸ ነገር ሲያዩ አይከፉም፤ ደህና ሆኖ እምቢ የሚል ነገር ግን ያሳምማቸው ነበር።

በመጨረሻ በሱቁ ያለውን ሽቦ አልባ ነገር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። የአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ጆሮ የሚሸፍነው ትልቁ፣ ስፒከሮቹ፣ ከየፋብሪካው የወጡ ስልኮች። እሳቸው ስልካቸውን ይዘው መንገዱ ማዶ ይሄዱና ይደውላሉ፤ እኔ እያንዳንዱን እሞክራለሁ።

«ሃሎ ጥሩነሽ! ይሰማል?»

«በየትኛው ጋሼ? በመስኮቱ ነው የምሰማዎት!»

«እንግዲያው ራቅ ልበል!»

የአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ጥሪውን አጥርታ አሰማች፤ ዘፈን ስንከፍት ግን ዘፈኑ ከስልኩ ወጣ። የስፒከሩ ተገላቢጦሽ መሆኗ ነው። ትልቁ ማዳመጫ ሁለቱንም ሠራ። የገረመን ደግሞ የስልኩ ፋብሪካ ሌላ፣ የማዳመጫው ፋብሪካ ሌላ መሆኑ ነው። ተያይተው አያውቁም፤ ግን ስልኩ ሲጮህ የማዳመጫውን ቁልፍ ብጫን ስልኩ ይነሳል፣ ደግሜ ብጫን ይዘጋል። ማን አስተማራቸው?

ካርቶኖቹ ላይ የላቲን ፊደሎች ነበሩ። የላቲን ፊደል የማውቀው ሰላም የኦሮምኛ ቁቤ ስታጠና አብሬያት እየቆጠርኩ ነው፤ ስለዚህ በቁቤ አነበብኳቸው። የስፒከሩ «ኣ ሁለት ዳ ፓ» ይላል። የአንድ ጆሮዋ «ሃ ፋ ፓ» ይላል። የትልቁ ማዳመጫ ሁለቱንም ይላል። ገልብጬ ለሰላም ሰጠኋት። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ኢንተርኔት ቤት ገብታ አይታ መጣች።

«እማ፣ ፕሮፋይል ነው የሚባለው» አለችኝ። «ፋብሪካዎቹ ተሰብስበው ለእያንዳንዱ ሥራ ደንብ ጽፈዋል። አንደኛው ዘፈን ለመላክ ነው፣ ሌላኛው ስልክ ለማናገር ነው። ፋይል መላላኪያም የራሱ አለው። ሁለቱም ዕቃዎች ያንን ደንብ ካወቁ ይሠራሉ፤ አንዱ ካላወቀ አይሠሩም።»

ለጋሽ ይልማ የነገርኳቸው በእድር አስመስዬ ነው። የቦሳ አዲስ እድርተኛ አጋሮ ለቅሶ ቢደርስ ማንንም ሳያውቅ ሥራውን ያውቃል፤ ድንኳን የሚተከልበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ወግ አንድ ነው። ያው ሰው ግን ሠርግ ቤት ቢገባ የለቅሶው ደንብ አያበላውም። ስፒከሩ የሚያውቀው የአንዱን ቤት ደንብ ብቻ ነው፤ ስልኩ ይሰጣል፣ እሱ ተቀብሎ ያሰማል፣ አለቀ። ጥሪ ግን መስጠትም መቀበልም አለበት። ማንሳት አለ፣ መዝጋት አለ፣ መልሶ መናገር አለ። ያ ስፒከር ደግሞ ማይክ የለውም። አፍ የሌለው ስለሆነ ስልኩ ጥሪውን አልሰጠውም።

ጋሽ ይልማ ስፒከሩን ወደ ካርቶኑ መለሱት። «ተዋወቁ ብዬ ሸጥኩት» አሉ በኋላ። «መተዋወቃቸውን ነው እንጂ አብረው ምን መሥራት እንደሚችሉ አልጠየቅሁም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ገዢ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?» ሆነ። ሙከራውም በዚያው ሥራ ነው እንጂ በዘፈን መሞከር ቀረ።

ዓርብ ትልቁን ማዳመጫ ይዘን ወደ ሰቃ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ በነጠላዬ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ፤ በየመታጠፊያው እያበራሁ ባትሪውን አያለሁ።

«ጥሩነሽ፣» አሉ ጋሽ ይልማ፣ «አሁን ባትሪውን የሚጨርሰው ማየትሽ ነው።»

ሰዎቹ ከጁምዓ ሲመለሱ ጀመርን። መጀመሪያ ጋሽ ይልማ ከደጅ ሆነው ወደ ጀማል ስልክ ደወሉ፤ እኔ ማዳመጫውን አባ ፊጣ ጆሮ ላይ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ። አባ ፊጣ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ጋሽ ይልማ! ድምፅዎ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ? ወፍራም ሰው መስለውኝ!»

ቤቱ ሳቀ። አቶ ነስሩ ግን አልሳቁም። «ይሄ ነገር ለእሳቸው ብቻ ነው እንዴ የሚያሰማው? እኛስ? ኒካ በምስክር ፊት ነው።»

ጀማል ለወንድሙ ጆሮ ጠጋ ብሎ ጮኾ ነገራቸው። አባ ፊጣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ አባቷ!»

ሼኩ ጣልቃ ገቡ። «ወሊው፣ ዳሪ አባቷ፣ ይስማ» አሉ። «እሳቸው ከሰሙ በኋላ ደግሞ ለእኛ ለምስክሮቹ ትናገራለች።»

ስልኩ ጮኸ። ቁልፉን ተጫንኩና ወደ ኋላ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባ ፊጣ ወዲያው ወደ አዴ ከድጃ ዞሩ። «‹አባኮ› አለችኝ! አባቴ አለችኝ!» ከዚያ ወደ ልጃቸው፦ «ኢንተለኮ! ልጄ! ሰማሁሽ! ድምፅሽ እንዴት ጎረነነ! ጉንፋን ነው? በልተሻል?»

አዴ ከድጃ በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ። ከግድግዳው ጥግ አንዱ ጎረቤት ሲስቅ ሌላው ጎሸመው። አባ ፊጣ ጆሯቸው እየሰማም መጮህ አልተዉም፤ እኛ የምንሰማው የእሳቸውን ብቻ ነው።

«ማን? የለም! ማንም አይሰማሽም! እኔ ብቻ ነኝ! ጆሮዬ ውስጥ ነሽ! ተናገሪ!»

ይህን ሲሉ ጋሽ ይልማ ተነስተው ደጅ ወጡ። ልማዳቸው ነው። እኔ አልወጣሁም።

አባ ፊጣ አዳመጡ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ተጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።  ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ሐዘን ይሁን ሌላ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ልጁ ሌላ ክፍል ውስጥ ስታለቅስ የሚሰማ አባት ፊት ነው የመሰለኝ። በመጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«እሺ ኢንተለኮ። እሺ። እሺ።»

ቁልፉን እንድጫንላቸው ምልክት ሰጡኝ። ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ አወረዱት።

«ልጄን ሰማኋት» አሉ። «ኒካ የለም።»

«ምን አለች?» አሉ አቶ ነስሩ።

ጀማል ጥያቄውን ጆሯቸው ላይ ጮኸላቸው።

«የነገረችው ለእኔ ነው።»

አቶ ነስሩ ተነሱ። «ባለፈው ዓርብ እሺ ብላ፣ ዛሬ ይሄ የጆሮ ክዳን ሲመጣ እምቢ አለች ማለት ነው? የእኛ ልጅ መጫወቻ ነው? ጀማል፣ አንተ አይደለህ እሺ ብላለች ያልከን?»

ሁሉም ጀማልን አየ። አባ ፊጣ የተባለውን ባይሰሙም የሰዉን ዓይን ተከትለው ወንድማቸውን አዩ። ጀማል ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር። የዓመት ቡናውን የሚያስረክበው ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«እሺ አላለችም» አለ። «ዝም ነው ያለችው። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሼኩ «ወሊው ሰምቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚባል የለም» ብለው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። አቶ ነስሩም የግዳቸውን ዘረጉ። ስንወጣ አባ ፊጣ ወንድማቸውን ትከሻውን ይዘውት አየሁ፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ለእኔ «ገለቶሚ» አሉኝ፣ ምስጋና ነው፤ እየጮኹ።

ወደ ጅማ ስንመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰላም ሰሞኑን ፓስፖርት የሚያክል ፎቶ ተነስታለች፤ ዓረብ አገር ልትሄድብኝ ነው ብዬ ለአክስቷ ነግሬ አስጠይቄያታለሁ እንጂ ራሴ አልጠየቅኋትም ነበር። ያን ዕለት ማታ ለብቻዋ ጠየቅኋት።

«እማ፣» አለችኝ፣ «ፎቶው ለተማሪ መታወቂያ ነው።»

ከዚያ በኋላ አባ ፊጣ ዓርብ ዓርብ ልጃቸውን ይሰሙ ነበር። ሐሙስ ለገበያ ሲመጡ ሱቅ ብቅ ብለው «ትናገራለች!» ብለውን ያልፋሉ። ጀማልም ቡናውን ለሌላ ነጋዴ ማስረከብ ጀመረ፤ ከወንድሙ ጋር ግን አብሮ ነበር የሚመጣው። ያን ዓርብ የተባለውን አንዴም አልጠየቅናቸውም።

አንድ ሐሙስ አባ ፊጣ ማዳመጫውን ይዘው መጡ። «ተበላሽቷል!» አሉ። «ዓርብ መጥቶ ዝም ይላል!»

ጋሽ ይልማ እጃቸውን ታጠቡ። ሞከርነው፤ ሃ ፋ ፓውም ደህና ነው፣ ኣ ሁለት ዳ ፓውም ደህና ነው። ደወልንበት፣ አጥርቶ ያሰማል። ጋሽ ይልማ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠየቋቸው።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«‹አባኮ፣ የምሠራበትን ቤት ልቀይር ነው፤ ስደርስ እደውልልሃለሁ› አለ።»

እኔ መደርደሪያውን ማጽዳት ጀመርኩ። ጋሽ ይልማ ግን ለዕቃ ባለቤት ዋሽተው አያውቁም። «አባ ፊጣ፣ ማዳመጫው ደህና ነው» አሏቸው።

አባ ፊጣ ማዳመጫውን ወደ ጋሽ ይልማ ገፋ አደረጉት። «ደህና ከሆነ እናንተ ጋ ይቆይ» አሉ። «እኔ ጋ ሆኖ ዝም ሲል አልወድም።»

ከዚያ በኋላም ሐሙስ ሐሙስ በር ላይ ቆመው ወደ ማዳመጫው ያዩ ነበር። እኔ ራሴን ስነቀንቅ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አንድ ወቅት መምጣታቸው ቀረ። ማረፋቸውን የሰማነው ከሰቃ ከመጣ ገበያተኛ ነው። አዴ ከድጃ ሊሙ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሄደዋል አሉን፤ ጀማልም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ጋሽ ይልማም ደከሙና ሱቁን ለእህታቸው ልጅ አስረከቡ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ወጣቱ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ግን መሸጥ ብቻ ሆነ። አሁን የሚመጡት ዕቃዎች ሁሉንም ደንብ አውቀው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ከፍተሽ ታስተዋውቂያቸዋለሽ፣ ይሠራሉ። እኔ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ለገዢ ሳላስደውል ሸጬ አላውቅም። ልጆቹ «እትዬ ጥሩ፣ ይሠራል እኮ» ይሉኛል። «ይሥራ፣ ደውል» እላለሁ።

ከሱቁ ስወጣ ይዤ የወጣሁት ያንን ማዳመጫ ነው። የጆሮ ትራሱን ቀይሬዋለሁ፤ ባትሪው እንዳይሞት አንዳንዴ እሞላዋለሁ። የሃያት ስልክ የነበረው ጀማል ጋ ነው፣ ጀማልንም ላገኘው አልቻልኩም።

ይህን የሚያነብ ሰው ጅዳ የነበረች ወይም ያለች፣ የሰቃ ልጅ፣ የአባ ፊጣና የአዴ ከድጃ ልጅ ሃያትን የሚያውቅ ከሆነ ይንገረኝ። ያን ዓርብ ለአባቷ ያለችውን አልጠይቅም። ደህና መሆኗን ብቻ ልስማ።